ከእማዬ ጋር አምስት ቀን እርሻ ላይ (ሜሪላንድ፣ ሐምሌ 2017)

እማዬ ከደብረ ታቦር ከመጣች ሁለት ወር ሆናት፣ ሁለቱንም ወር ያሳለፈችው ሲልቨር ስፕሪንግ ሰባተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ስር ቁጭ ብላ ነው ማለት ይቻላል። እኔና ባለቤቴ ስራ፣ ልጆቹ ሰመር ካምፕ፣ ጠዋት ቲቪ ከፍቼላት ወጥቼ ማታ ስመለስ እዛው ቻናል ላይ ነው ማገኛት። ባለፈው «አንቺ ልጅ፣ እዚህ አገር መሬት ሚባል ነገር የለም እንዴ?» አለችኝ፣ አንጀቴን በላችው።

እኔ ደግሞ የአንድ ትንሽ የአትክልት እርሻ አባል ከሆንኩ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ሲኤስኤ ሚሉት ነገር፣ ስኖው እየወረደ በየካቲት ትከፍያለሽ፣ ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ በየሳምንቱ የደረሰውን ትወስጃለሽ። ሰኔ ላይ ገበሬዋ እጅ እንዳጠራት፣ ጥቂት ቀን መጥቶ ሚያግዝ አባል ካለ ማደሪያ ካምፐር እንዳላቸው ጽፋልን ነበር። አላቅማማሁም፣ ቫኬሽን ሞላሁ፣ ልጆቹን ለአባታቸው አስረከብኩና እማዬን ይዤ ሄድኩ። ማታ ማታ ስልኬ ላይ የጫርኩት ነው እንግዲህ ይሄ።

ማክሰኞ ሐምሌ 1

ትራፊኩ እስኪቀል ጠብቀን 3 ሰዓት ላይ ወጣን። ቱ ሰቨንቲ ሚሉትን ሀይዌይ ይዘን ጌይተርስበርግን፣ ጀርመንታውንን አልፈን ወደ ግራ ስንታጠፍ ያ ሁሉ ኮንዶና ሞል ድንገት ቁርጥ ይላል፣ ከዛ በኋላ በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ የፈረስ አጥር፣ በቃ። እማዬ ዞር ዞር ብላ አየችና «ሰዉ ምን ሆኖ ነው? በሽታ ገብቶ ነበር?» አለች። የለም እማ፣ ቤት እንዳይሰራበት ነው ያልኳት፣ እውነትም ሞንትጎመሪ ካውንቲ በፈረንጆቹ 1980 ወደ 93 ሺህ ኤከር መሬት፣ የካውንቲውን ሲሶ ማለት ነው፣ ለእርሻ ብሎ ከልሎታል፣ እዛ ውስጥ ልስራ ካልሽ ለ25 ኤከር አንድ ቤት ነው ሚፈቀደው። ይሄ ባይኖር ከዲሲ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ጎመን ሚያበቅል ሰው ከየት ይመጣል፣ ታውንሃውስ ይበላው ነበር።

ሹገርሎፍ ተራራ ከሩቅ ብቅ ሲል በኩራት አሳየኋት። ቁመቱ 390 ሜትር ገደማ ነው፣ እዚህ አካባቢ ትልቅ ስም አለው። ጉና ስር ያደገች ሴት ምን ትበል፣ «ይቺ ተራራ ከተባለች እንግዲህ» ብላ ተወችው።

ገበሬዋ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች ቀጭን ሴት ናት፣ ከባሏና ከሁለት ወጣት ሰራተኞች ጋር ነው ምትሰራው። እማዬ አገላብጣ ሳመቻት፣ ሴትዮዋ ሦስተኛው ላይ አበቃ ስትል አራተኛው መጣባት። አትክልቱ ያለበት አራት ኤከር ነው፣ እማዬ በዓይኗ ለክታ «ስድስት ጥማድ ቢሆን ነው» አለች፣ ማታ በስልኬ ሳሰላው ስድስት ተኩል ወጣኝ። ዙሪያውን ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የአጋዘን አጥር አለ። አጥሩን አይታ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ጃርት አለ?» ነው፣ ድንች ሲተክል የኖረ የፋርጣ ሰው ሌላ ምን ይጠይቃል። ጃርት የለም ግን ግራውንድሆግ ሚሉት ጣጣ አለ፣ ሽኮኮን አስቡና አወፍሩት፣ ከአጥሩ ስር ጉድጓድ ምሶ ይገባና ፎሶሊያውን ከላይ ከላይ እንደ ፀጉር ቆራጭ ይከረክመዋል።

እዚህ የሰመር አጋማሽ ላይ እርሻ ምን ይመስላል ብትሉኝ ግማሹ ሊፈነዳ ደርሷል ግማሹ እየሞተ ነው። የሰላጣው ዘመን አብቅቷል፣ 35 ዲግሪ ሲገባ አንገቱን አስግጎ ወደ አበባ ይሮጣል፣ ቅጠሉም እንደ ግራዋ ይመራል። አተሩ ተነቅሎ በቦታው ባክዊት ተዘርቷል፣ ነጭ አበባ ነው ሚያወጣው፣ ሚዘሩትም ለመብላት ሳይሆን መሬቱን ሸፍኖ አረሙን እንዲያፍንላቸው ነው፣ ንቡ ግን አይጠየቅም። ቲማቲሙ ወገቤ ላይ ደርሷል፣ ሁሉም አረንጓዴ፣ ቀድማ የበሰለችው ሰንጎልድ ሚሏት ትንሿ ብርቱካናማ ብቻ ናት። ቃሪያው ተንዠርግጓል፣ ሚቀላው ግን ነሐሴ ውስጥ ነው። ባሚያና ስኳር ድንች አሁን ገና ነፍስ ዘርተዋል፣ ሙቀት ነው ሚጠብቁት። በሶብላው ጋ ስንደርስ እማዬ ቀንጥሳ አሸችውና አሸተተች፣ አልመለሰላትም፣ «ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም» አለች።

ከዛ የገንዘቡ ነገር መጣ። ለ22 ሳምንት 640 ዶላር በየካቲት ከፈልኩ ስላት ቆመች።

«ዘር መሬት ሳይገባ ብር ሰጠሻት?»

«አዎ»

«በረዶ ቢመታውስ?»

«ያው እኛንም መታን ማለት ነዋ፣ አይመለስም»

ትንሽ አሰበች። «አሃ፣ የእኩል ነዋ! አንቺ በሬና ዘር አወጣሽ፣ እሷ ጉልበት» አለች፣ እኔ ሦስት ዓመት ለሐበሻ ጓደኞቼ ላስረዳ ስባዝን የኖርኩትን። ነገሩ እዚህ አሜሪካ በፈረንጆቹ 1986 ማሳቹሴትስና ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ ሁለት እርሻዎች ላይ ነው የተጀመረው፣ ጃፓኖች ደግሞ ከዛ በፊት በ1970ዎቹ ቴይኬይ ብለው ተመሳሳይ ነገር ይሰሩ ነበር። የፋርጣ ሰው ግን ሁለቱንም ሳይጠብቅ ሲካፈል ኖሯል።

ማታ ነጎድጓድ ያለበት ዝናብ መጣ፣ የካምፐሩ ጣራ ላይ እንደ ቆርቆሮ ነው ሚንጫጫው። እማዬ ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪነጋ ተኛች። እኔ ነኝ ሳልተኛ ያደርኩት።

ረቡዕ ሐምሌ 2

11 ሰዓት ተኩል ላይ ቤዝመንት የመሰለ ጨለማ ውስጥ ዝኩኒ ለቀማ። ዝኩኒ በዚህ ወቅት ቀልድ አያውቅም፣ ዛሬ ጣት ሚያክለውን ትንሽ ነው ብለሽ ካለፍሽው ነገ ክንድ ያክልሻል፣ ስለዚህ በየቀኑ፣ ዝናብም ይሁን ምን። ኪያሩም እንደዛው። ፀሐይ ሳይወጣ ሚለቀመው አትክልቱ ሳይሞቅ ቀዝቃዛ ክፍል እንዲገባ ነው።

4 ሰዓት ላይ ግን ነገሩ ታየ። ኪያሩ መደብ ላይ አምስት ስድስት ተክል ጠውልጎ ተዘርሯል፣ መሬቱ ደግሞ ከሌሊቱ ዝናብ የተነሳ እርጥብ ነው። ገበሬዋ አንዱን ግንድ በቢላ ቆረጠች፣ ሁለቱን ጫፍ መልሳ አጋጠመችው፣ ትንሽ ያዝ አድርጋ ቀስ ብላ ስታላቅቀው መሃሉ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ለሃጭ ተሳበ። እማዬ «ተልባ!» አለች። ትክክለኛው ቃል እሱ ነው። ቢጫና ጥቁር መስመር ያላት ጥንዚዛ ቅጠሉን ስትበላ ይዛው ምትመጣ ባክቴሪያ ናት፣ የተክሉን ውሃ መሄጃ ትደፍነዋለች፣ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፣ ነቅለሽ ማውጣት ነው። ነቀልናቸው። ሴትዮዋ ምንም አላለችም፣ ብቻ እያንዳንዱን ስትነቅል ትቆጥር ነበር፣ ዘጠኝ።

ዝኩኒው ላይ ደግሞ ሌላ። ቀትር ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይወድቃል፣ ማታ ይነሳል፣ በሦስተኛው ቀን አይነሳም። እማዬ ተንበርክካ ግንዱን ስሩ ጋ አየችና እርጥብ ሰጋቱራ የመሰለ ነገር በጣቷ አነሳች፣ «ይሄ የበቆሎው አገዳ ቆርቁር ወንድም ነው፣ ውስጡ አለ» አለች ሳይነግራት ማንም። ተርጉሜ ስነግራት ገበሬዋ ሳቀችና ቢላውን ሰጠቻት። እኔ የፈራሁት ጣቷን እንዳትቆርጥ ነበር፣ እሷ ግን ግንዱን በቁመቱ ሰንጠቅ፣ በአውራ ጣቷ ከፈት፣ ነጭ ራሱ ቡናማ የሆነ የወፈረ ትል መዝ አድርጋ አወጣችና በድንጋይ ዠለጠችው። ከዛ ገበሬዋ እንዳሳየቻት የተሰነጠቀው ላይ እርጥብ አፈር ከመረችበት፣ እዛው ላይ አዲስ ስር እንዲያወጣ። የትሉ እናት ቀይ ምትመስል ቀን ቀን ምትበር የእሳት ራት ናት፣ ተርብ መስላ ነው ምታታልለው፣ እንቁላሏን አንድ አንድ እያረገች ግንዱ ስር ትጥላለች። ሃያ ሦስት ተክል ነበር የታመመው፣ እማዬ አስራ አንዱን ኦፕራሲዮን አደረገች። በተርናት ሚሉትን ዱባ ግን አልነካውም፣ ግንዱ ድፍን ስለሆነ ትሉ እምብዛም አይገባበትም፣ እሱ እንደውም ሐረጉን ጥሎ መንገዱን ሁሉ ይዞታል።

ምሳ ላይ ዳቦ አመጡልን፣ እማዬ «ቅቤ አለበት ወይ ብለሽ ጠይቂያት»፣ አለበት። የሰኔ ጾም ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው በዳቦ አልገድፍም ብላ ይዘን የመጣነውን በሶ በጠበጠች፣ ሁለቱ ወጣቶች ቀመሱ፣ አንደኛው ፕሮቲን ሼክ ነው አለ።

ሐሙስ ሐምሌ 3

የቲማቲም ቀን። ጠዋት ግን እስከ 4 ሰዓት መንካት ክልክል ነው፣ ቅጠሉ ጤዛ እያለበት ከነካሽው በሽታውን ከአንዱ ወደ አንዱ በእጅሽ ታዞሪዋለሽ። ደርቆ ስንገባ ከታች ከታች ያሉትን ነጠብጣብ የወጣባቸውን ቅጠሎች እየቀነጠስን በባልዲ አወጣን፣ ከዛ ማሰር። በየሁለት ተክሉ መሃል እንጨት ተተክሏል፣ ሲባጎውን በአንድ በኩል ታሳልፊና እንጨቱ ላይ ጠምጥመሽ በሌላው በኩል ትመልሺዋለሽ፣ ተክሉ በሁለት ገመድ መሃል ቆሞ ይቀራል። ከሰዓት በኋላ እጄ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ፣ በሳሙና አይለቅም፣ እማዬ አንድ ቲማቲም ጨምቃ እጇን ታጠበችበት፣ ለቀቀ። የት ተማርሽው ስላት «እጄ ቆሽሾ ነዋ» አለች።

ቂጣቸው የጠቆረ ቲማቲሞች አገኘን። በሽታ መስሎኝ ነበር፣ አይደለም፣ ካልሲየም በጊዜው ፍሬው ጋ ስላልደረሰ ነው፣ ካልሲየሙን ሚያጓጉዘው ውሃ ነው፣ የጠብታ መስኖው አንዱ መስመር ተደፍኖ ሳምንት ሙሉ ሳይታወቅ ቆይቶ ኖሯል። ማውራት ሚገባኝ ሌላ የመስኖ ታሪክም አለ። እየኮተኮትኩ ያንኑ ጎማ በመኮትኮቻዬ ሁለት ቦታ በጣጠስኩት። ውሃው ፊቴ ላይ ፊን አለ። ባልየው መጥቶ በትንሽ ፕላስቲክ መቀጠያ ቀጠለው፣ «ሁላችንም አድርገነዋል» አለኝ፣ እማዬ ትርጉሙን ጠየቀችኝና «ውሸቱን ነው፣ ሲያጽናናሽ ነው» አለች።

ከዛ እማዬ ከመደቡ ጫፍ ጮኸች። ሮጥኩ፣ እባብ ነው ያልኩት። «አስተናግር! አስተናግር መሃሉ አለ!» እውነትም ከቲማቲሙ መሃል ያ ሰፊ ጥርሳም ቅጠል፣ ነጭ የመለከት አበባ፣ እሾሃም ፍሬ። ልጅ እያለን ከእበት ቁልል አጠገብ ሲበቅል እንዳንነካው ምትገርፈን ነበር። አሜሪካ ድረስ ይከተለኛል ብዬ አላሰብኩም፣ ለካ ተከትሎኝ ሳይሆን አገሩ ነው። ገበሬዋ ጂምሰን ዊድ ነው አለች፣ ጄምስታውን ከሚለው ነው ስሙ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ እንግሊዞች መጀመሪያ የሰፈሩበት። በፈረንጆቹ 1676 አመጽ ሊያበርዱ የተላኩ ወታደሮች ቅጠሉን ቀቅለው በሉትና አስራ አንድ ቀን አብደው ከረሙ ይባላል፣ አንዱ ላባ በአየር እየነፋ ሲጫወት፣ ሌላው ራቁቱን ጥግ ይዞ እንደ ዝንጀሮ ጥርሱን ሲያሳይ። ይሄን ስተረጉምላት እማዬ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ «እኛስ አስተናግር ያልነው በምን መሰለሽ፣ የበላው ዝም አይልማ!» ሁለት አገር፣ አንድ አረም፣ አንድ እብደት፣ እኔ መሃል ላይ አስተርጓሚ። ጓንት አድርገን ነቀልነው፣ ከቲማቲም ጋር ዘመድ ስለሆነ በሽታውንም ተባዩንም አሳድሮ ያመጣል።

ዓርብ ሐምሌ 4

ለእማዬ የዛሬው ነው ዋናው። ድንች። ሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ የተተከለው ነው፣ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ መተኛት ጀምሯል። ሹካ አካፋውን ተቀብላ «ከዚህ ከሩቅ ነው ሚወጋው፣ ልጁን እንዳትሰኪው» እያለች ለወጣቶቹ በአማርኛ ታዛለች እነሱም ይታዘዛሉ፣ በምን እንደተግባቡ አላውቅም። እኛ አገር ሐምሌ ማለት ጎተራው ሚራቆትበት፣ ጭቃና ጉም፣ ሰው ድንች ቆፍሮ ከልጅ ጋር ሚሻገርበት ወር ነው፣ ደግሞ ጉሙ ከበዛ የድንቹ ቅጠል በሁለት ቀን ጠቁሮ ያድራል። እዚህ ላቡ እስከ ጫማዬ እየወረደ ፀሐይ ላይ ድንች ሲወጣ አይታ ዝም ብላ አፈሩን ታራግፋለች። ቆዳው ገና ስስ ነው፣ በአውራ ጣት ሲታሽ ይላጣል፣ ስለዚህ አይታጠብም።

ከሰዓት ባርኑ (የእርሻው መጋዘን) ውስጥ ገባን፣ ነጭ ሽንኩርቱ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ በጥቅል በጥቅል ተሰቅሎ እየደረቀ ነው፣ ቬንቲሌተር በርቶለታል፣ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። አንዷ ፍንካች የኛን ግማሽ ራስ ታክላለች። እማዬ ላጠች፣ ነከሰች፣ «ትልቅ ነው፣ ጉልበት የለውም» ብላ ፈረደች። እኔ የገበሬዋን ፊት ማየት ፈርቼ አልተረጎምኩትም።

በዚህ ሙቀት መሃል ደግሞ ለእዚህ አገር ፎል (መጸው)፣ ጥቅል ጎመንና ብሮኮሊ ችግኝ ትሬይ ላይ ደርሷል፣ ጥላ ጨርቅ ስር ነው። አሁን ካልተተከለ በጥቅምት ሚበላ የለም። ይሄ ነው እኔን ሚገርመኝ፣ ሰው ኪያሩ እየሞተበት፣ ቲማቲሙ ገና ሳይቀላ፣ የብርዱን ጎመን ያስባል። አንድ መደብ ተከልን፣ ወገቤ ተቆረጠ፣ ጨረስን።

ቅዳሜ ሐምሌ 5

ጴጥሮስ ወጳውሎስ። ጾም ተፈታ። ገበሬዋ ከዶሮዎቿ ስር ያነሳችውን ሞቅ ያለ እንቁላል አመጣችልን፣ እማዬ በብልቃጥ ይዛው የመጣችውን ንጥር ቅቤ ካምፐሩ ውስጥ ስታቀልጥ ሽታው ግቢውን ሞላው፣ በአዲሱ ድንች፣ በቃሪያ፣ በሰንጎልድ ጠብሳ አምስታችንንም አበላች። ስለ ቅቤው ሪሲፒ ተጠይቄ ኮረሪማ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ስፈልግ ቆየሁ።

3 ሰዓት ላይ አባላቱ መምጣት ጀመሩ፣ ስልሳ ቤተሰብ ገደማ ነው። የሳምንቱ ድርሻ፦ ዝኩኒ ሦስት፣ ኪያር ሁለት ብቻ (ባለፈው ሳምንት አምስት ነበር)፣ ፎሶሊያ ግማሽ ፓውንድ፣ ድንች ሁለት ፓውንድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቆስጣ፣ በሶብላ፣ አንድ ትንሽ እቃ ሰንጎልድ፣ አንድ እስር ጎመን። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ኪያሩ ለምን እንዳነሰ ጽፈዋል፣ ማንም አላጉረመረመም፣ አንዲት ሴት ብቻ ሰሌዳውን ሁለቴ አነበበች።

ችግር የመጣው ከጎመኑ ነው። እማዬ ጎመን እሰሪ ተባለች፣ አስር አስር ቅጠል። ኮላርድ ነው፣ ቅጠሉ ወፍራም ስለሆነ «ቆዳ ነው» ብትለውም አስተሳሰሯ ያምራል። ግን ሰው ፊቷ መጥቶ ሲቆም አስሩን ሰጥታ ሦስት አራት ቅጠል ጨመር ታደርግለታለች። ምርቃት! ፈረንጁ ግራ ገብቶት እኔን ያያል። ሃያኛው ሰው ላይ ባልየው ቆጥሮ ለስልሳ እንደማይበቃ ገባው፣ ወደኔ መጣ፣ እኔ ወደ እማዬ። «እንዴ፣ ሰው እጅ ላይ ልክ ልኩን ይሰጣል እንዴ? ነውር አይደለም?» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አርጋ። ለገበሬዋ አስረዳኋት፣ እሷም ትንሽ አስባ መቀስ አነሳችና ወደ መደቡ ሄደች፣ ተጨማሪ ቆርጣ መጣች። ጎመኑ ሙቀቱን ስለሚችል እሱ ላይ መራራት ይቻላል አለች።

ከመሄዳችን በፊት የታከሙትን ዝኩኒዎች ልታይ ሄደች። ከአስራ አንዱ ሰባቱ ቆመዋል፣ ቀትር ላይ ነው ደግሞ ያየናቸው።

9 ሰዓት ላይ መኪናው ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት እየሸተተ ወጣን። ጀርመንታውን ሳንደርስ እማዬ ከእንቅልፏ ብንን ብላ «ትናንት ባርኑ ደጃፍ የተውነው አንድ ሳጥን ድንች፣ ጥላ ውስጥ ገባ?» አለች። እኔ ነበርኩ ማስገባው። ረስቼዋለሁ። ፀሐይ ላይ ከዋለ አረንጓዴ ሆኖ ይመራል፣ አይበላም። «ደውይላት» አለች፣ እየነዳሁ ነው እማ፣ «ቁሚና ደውይላት»። ነዳጅ ማደያ ገብቼ ቆምኩ፣ ደወልኩ። ገበሬዋ ማታውኑ አስገብተነዋል አለች።

«ምን አለች?»

«ገብቷል»

«ሳጥኑን ሸፍናዋለች ወይ ብለሽ ጠይቂያት»